አንድም ስለ ውሻዋ ነው

ሁለት ጓደኞቼ ከተኮራረፉ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። የተጣሉት በገንዘብ አይደለም። በሴትም አይደለም። በአንዲት ቃል ነው። ቃሏ ደግሞ የእነሱ አይደለችም፤ የሰው ናት። ባለቤቷ እነዚህ ሁለት ሰዎች በምድር ላይ መኖራቸውን እንኳ አያውቅም።

ቃሏ «ማርጀት» ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘ ሁ የሚባል የእንግሊዝ የሮክ ባንድ አለ። በ1965 «ማይ ጄነሬሽን» የሚል ዘፈን አወጣ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሰዎቹም ፈረንጆች ናቸው፣ ጠቡም የፈረንጅ ነው።) ግጥሙን የጻፈው ጊታር ተጫዋቹ ፒት ታውንሸንድ ሲሆን ያኔ ገና 20 ዓመቱ ነበር። ከስንኞቹ አንዷ ወደ እኛ ቋንቋ ስትመጣ «ሳላረጅ በሞትኩ» ትላለች።

የሃያ ዓመት ልጅ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። በዚያ ዕድሜ ሠላሳ የሞላው ሁሉ ሽማግሌ ነው። ችግሩ የሚጽፈው ሌላ፣ የሚዘፍነው ሌላ መሆኑ ነው። ጣጣው የወደቀው ድምፃዊው ሮጀር ዳልትሪ ላይ ነው። ዳልትሪ የተወለደው በ1944 ነው። ሂሳቡን እናንተ ሥሩት። ሰውየው ሰማንያን ከዘለለ በኋላም መድረክ ላይ ወጥቶ «ሳላረጅ በሞትኩ» ይላል። ከፊቱ ያለው ሕዝብ፣ ግማሹ ጉልበቱን እያሻሸ፣ አብሮት ይጮሃል።

እዚህ ላይ ነው ጓደኞቼ የተለያዩት።

አንደኛውን ዳኛው እንለዋለን። ሁሉን ነገር ፍርድ ሳይሰጥበት አይነሳም። «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» አለ። «ሰውየው ሳላረጅ በሞትኩ ብሏል። አርጅቷል። አልሞተም። ከሁለት አንዱን ይምረጥ።»

ሁለተኛው ሊቁ ነው። ሊቁ የሮክ ዘፈን የሚያዳምጠው እንደ ጥንት መጽሐፍ አንድም እያለ ነው። «አንድም፣ ማርጀት ያለው የሐሳብን እርጅና ነው። አንድም፣ ሞት ያለው ከትናንት ማንነት መለየትን ነው። አንድም...»

«አንድም፣ ልጅ ነበር፣ አያውቅም ነበር» አልኩ እኔ። ሁለቱም በአንድነት ገላመጡኝ። ለመጨረሻ ጊዜ የተስማሙት በዚያች ደቂቃ ነው።

እውነቱን ለመናገር ደራሲው ራሱ አንድ ጊዜ ፍቺ ሰጥቶበታል። ታውንሸንድ በ1989 ሲጠየቅ፣ ያን ግጥም ሲጽፍ «ያረጀ» ማለት ለእሱ «በጣም ሀብታም» ማለት እንደነበር ተናግሯል። ጠበቃ ቢኖረው ዝም በል ባለው ነበር። ምክንያቱም ዛሬ ሰውየው ሽማግሌም ነው፣ ሀብታምም ነው።

«እንግዲያው ሁለት ጊዜ መሞት ነበረበት» አለ ዳኛው።

ሊቁ ግን አልተበገረም። የዘፈኑን መነሻ አመጣ። ታውንሸንድ በዚያ ዘመን አሮጌ የሬሳ መኪና ገዝቶ ነበር። በር ላይ አቁሞት ሳለ የንግሥቲቱ እናት ሲያልፉ ያዩታል። መኪናው ቀብር ስላስታወሳቸው አስነሱልኝ ይላሉ፤ ተጎትቶም ይሄዳል። ዘፈኑ የተጻፈው በዚህ ንዴት ነው ይባላል።

«ስለዚህ» አለ ሊቁ ጣቱን ቀስሮ፣ «ግጥሙ ስለ ዕድሜ አይደለም። ስለ ፓርኪንግ ነው።»

ዳኛው ያን ቀን ነው ኮፍያውን አንስቶ የወጣው።

ከአራቱ የባንዱ አባላት መካከል ስንኟን ቃል በቃል የፈጸመ አንድ አለ። ድራም የሚመታው ኪት ሙን በ1978 በ32 ዓመቱ ሞተ። እዚህ ነገር ላይ ስንደርስ ሦስታችንም ዝም እንላለን። ሊቁ እንኳ አንድም አይልም።

ዳልትሪ ደግሞ በ2025 ለንደን ውስጥ፣ ሮያል አልበርት ሆል መድረክ ላይ ቆሞ፣ ጆሮው እንደደከመና ዓይኑም እየሄደ እንደሆነ ለታዳሚው ነገረ። ደግነቱ ድምፄ አለ፣ እሱም ቢጠፋ ሙሉ ቶሚ ነበርኩ ብሎ ቀለደ። ቶሚ ባንዱ በ1969 ያወጣው አልበም ነው፤ ታሪኩ ስለማይሰማ፣ ስለማይናገርና ስለማያይ ልጅ ነው። በ25 ዓመቱ የዘፈነው ነገር በ81 ዓመቱ ሊገጥመው ምን ቀረው? ዳኛው ይህን ሲሰማ ለአምስት ደቂቃ ያህል አዘነ። ከዚያ «ታዲያ ለምን አያርፍም?» አለ።

ዳኛው በአንጋፋ ዘፋኞች ላይ ያለው ክስ ብዙ ነው። የዘፈኑን ኪይ፣ ማለትም የድምፁን ከፍታ፣ ዝቅ ያደርጋሉ። ከባዷን ከፍታ ለሕዝቡ ትተው ማይኩን ወደ ታዳሚው ያዞራሉ። ይህን ሁሉ ይቅር ይላል። ይቅር የማይለው ግጥሙን እግራቸው ሥር ከተቀመጠ ስክሪን እያነበቡ መዝፈናቸውን ነው። «የግል ሕይወቴ ነው ብሎ የጻፈውን!» ይላል። «ሰው የራሱን ፍቺ ከስክሪን ያነባል?»

«ፍቺውን አልረሳም» ይላል ሊቁ። «የትኛው ፍቺ እንደሆነ ነው የጠፋበት።»

የግል ግጥም ነገር ከተነሳ ደግሞ ፍሊትውድ ማክን የሚያህል ባንድ የለም። በ1977 የወጣውን «ሩመርስ» የሚባለውን አልበማቸውን ሲሠሩ ከአምስቱ አባላት ሁለቱ ባልና ሚስት ነበሩ፤ እየተፋቱ። ሌሎቹ ሁለቱ ፍቅረኞች ነበሩ፤ እየተለያዩ። የአምስተኛው ትዳርም ቤቱ እየፈረሰ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ሥራ ይለቅቃል። እነሱ ዘፈን ጻፉ። ሊንዚ በኪንግሃም ስለ መለያየታቸው ጻፈ፤ የተለያት ስቲቪ ኒክስ ያንኑ ዘፈን በየምሽቱ አጅባ ትዘፍን ነበር። እሷም በተራዋ ጻፈች፤ እሱ ጊታሩን መታላት። ልብ በሉ፤ የተሰደበው ሰውዬ ስድቡን እያጀበ ነው።

ለእኔ ግን የዘመኑ ታላቅ ባለቅኔ የዚያው ባንድ አባል ክሪስቲን ማክቪ ናት። ከባንዱ መብራት ባለሙያ ጋር ፍቅር ይዟት «ዩ ሜክ ላቪንግ ፈን» የሚል ዘፈን ጻፈች። ባሏ፣ የቀድሞ ባሏ ሊሆን አንድ ሐሙስ የቀረው፣ እዚያው ባንድ ውስጥ ቤዝ ይመታል። ዘፈኑ ስለ ማን ነው ቢላት ምን አለችው? ስለ ውሻዬ ነው።

ባልየውም ቤዙን አሳምሮ መታ።

ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር እንግሊዝኛ የሚባለው ቋንቋ ለሐሜተኛ እንዴት እንደሚመች ይደንቀኛል። «ዩ» ሲሉ ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን መቶ፣ ባል ይሁን ቡችላ አይታወቅም። ሁሉንም ያቅፋል። በአማርኛ ቢሆን የመጀመሪያው ግሥ ላይ ትያዝ ነበር። አንተ ካለች ወንድ ነው፣ አንቺ ካለች ሴት ናት። አድናቂውም የሚከራከርበት አጥቶ በጊዜ ይተኛል። (ሊቁ ይህን ስነግረው «ውሻውንም እኮ አንተ ነው የምንለው» አለኝ። እውነት ነው። ሴትየዋ በየትኛውም ቋንቋ ታመልጥ ነበር።)

ሃያ ዓመት አለፈ። በ1997 እነዚያው ሰዎች ተመልሰው አንድ መድረክ ላይ ቆሙ። ስቲቪ ኒክስ ስለ በኪንግሃም የጻፈችውን፣ ከአልበሙ ተቆርጦ የቀረባትን «ሲልቨር ስፕሪንግስ» ስትዘፍን፣ ፊቷን አዞረችና ዓይን ዓይኑን እያየች ለቀቀችው። ቪዲዮውን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልናገርም። እኛ ሰፈርተኞቹ፣ ማለቴ አድናቂዎቹ፣ በዚያ አስተያየት ላይ ያልነው ተጽፎ አያልቅም። አንደኛው ወገን እውነተኛ እሳት ነው ይላል። ሌላው ትወና ነው፣ ለካሜራ ነው ይላል። ዳኛው በኪንግሃም ጥፋተኛ ነው ሲል ፈረደ። በ2018 ባንዱ በኪንግሃምን ሲያባርረው ደግሞ ዳኛው የራሱን ፍርድ የአስፈጸሙለት ያህል ደስ አለው። የሚገርመው ዳኛው ራሱ ከተፋታ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ በዚያኛው ጉዳይ ግን እስከ ዛሬ ፍርድ አልሰጠም። «ውስብስብ ነው» ይላል።

የሰው ዘፈን ወስዶ የራስ ማድረግ የእኛ የተራ አድናቂዎች በሽታ ብቻ አይደለም። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ በ1968 «ሄይ ጁድ»ን የጻፈው የባንድ ጓደኛውን የጆን ሌነንን ትንሽ ልጅ ለማጽናናት ነው። ወላጆቹ እየተለያዩ ነበርና። ሌነን ግን ዘፈኑን ሰምቶ ስለ እኔ ነው አለ። የልጁን ማጽናኛ አባትየው ወሰደው! አጠገቡ ቆሞ አብሮ የዘፈነው ሰው እንዲህ ካለ፣ እኛ በጆሮ ማዳመጫ የምንሰማው ምን እንሁን?

ሌላም አለ። ኪንግስመን የተባሉ ልጆች በ1963 «ሉዊ ሉዊ» የሚል ዘፈን ቀረጹ። ዘፋኙ አፉን እየበላ ስለዘፈነው ማንም ቃሉን አይሰማም። ያልተሰማ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ብልግና ነው። ወላጆች አቤት አሉ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ ፋይል ከፈተ። ሸክላውን በፍጥነትም በዝግታም እያጫወተ መረመረ። በመጨረሻ የደረሰበት ድምዳሜ፣ በየትኛውም ፍጥነት ቢጫወት ምን እንደሚል አይታወቅም የሚል ነው። ግጥሙ ለካ የሚለው፣ ፍቅረኛው የናፈቀችው አንድ መርከበኛ ስለ እሷ ሲያወራ ነው። ናፍቆት ብቻ! ሊቁ እስከ ዛሬ በዚህ አይስማማም። «እነሱ አንድምታ መች ያውቃሉ» ይላል።

ሊቁን ግን ከመሳደቤ በፊት ከእሱ የባሰ እንዳለ ልመስክር። አንድ አድናቂ የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የቦብ ዲላንን ግጥም እፈታለሁ ብሎ የሰውየውን ቤት ቆሻሻ ይበረብር ነበር። ከኒው ዮርክ መንገድ ላይ፣ ከበሩ ሥር። ሰምና ወርቅ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ ወርቁን ከቆሻሻ በርሜል የፈለገ ግን ያ ሰው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ያገኘው የሕፃን ዳይፐር ነው።

ዲላን ራሱ በ2004 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ፣ አንድ ሙሉ አልበም የሩሲያዊውን ደራሲ የቼኾቭን አጫጭር ልብ ወለዶች መነሻ አድርጎ እንደሠራ፣ ሐያስያኑ ግን ስለ ገዛ ሕይወቱ ነው እንዳሉ ጽፏል። የትኛው አልበም እንደሆነ አልጠቀሰም። እኛ ግን ወዲያው ገባን፤ ያ በ1975 የወጣው፣ ትዳሩ ሲናጋ የሠራው ነው አልን። ቼኾቭ የሚባለውንም አልተቀበልነውም። ሰው ስለ ራሱ ዘፈን ምን ያውቃል? እሱ የጻፈው አንድ ከሰዓት ነው። እኛ ሃምሳ ዓመት ሰምተነዋል።

አንድ ምሽት ይህን ሁሉ እኛ ቤት ስንከራከር ባለቤቴ መጽሐፏን እያነበበች ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሊቁ ስድስተኛው አንድም ላይ ሲደርስ ቀና አለች።

«ዜማው ግን ጥሩ ነው?» አለች።

ተያየን። ስለ ዜማው ያሰበ አልነበረም።

እነሱ ተኮራርፈው ከቀሩ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ሁለቱም በየፊናቸው ይደውሉልኛል። ዳኛው «ይቅርታ ይጠይቀኝ» ይላል። ሊቁ «ይቅርታ ስትል በየትኛው ትርጉሙ ነው?» ይላል። እኔ በመሀል ስልክ ተሸክሜ እዞራለሁ።

ትናንት ማታ ዕቃ እያጠብኩ ያቺን የክሪስቲን ማክቪን ዘፈን ሳላውቀው አንጎራጎርኩ። ደስ የምትል ዜማ ናት፤ እጅ ታፈጥናለች። ባለቤቴ በሩን ተደግፋ ታዳምጠኝ ኖሯል።

«ይሄ ሁሉ ደስታ ስለ ማን ነው?» አለችኝ።

ልክ እንደ ባለቅኔዋ ቀልጠፍ አልኩ። «ስለ ውሻ ነው» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች።

«እኛ እኮ ውሻ የለንም።»