ርቀቱን ለፍጥነት ማካፈል አይበቃም

ረጃጅም በረራዎች ስንት ሰዓት እንደሚፈጁ በሰንጠረዥ የሚያሳየውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን ከሲንጋፖር እስከ ኒውዮርክ ያለውን ወደ 15,300 ኪሎ ሜትር ርቀት በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚሆን ፍጥነት አካፍሎ «17 ሰዓት ይፈጃል» ያለውን አልተቀበልኩትም። ስሌቱ ነፋስን ረስቷል! አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ጄት ስትሪም የሚባል ኃይለኛ ነፋስ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ከለንደን ኒውዮርክ ሲኬድ 8 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ሲመለሱ ግን ርቀቱ ያው ሆኖ ወደ 7 ሰዓት ይወርዳል። ስለዚህ በረጅም በረራ አጭሩ መስመር ሁልጊዜ ፈጣኑ አይደለም፤ ነፋሱ ከኋላ የሚገፋ ከሆነ ዞሮ መሄድ ጊዜም ነዳጅም ይቆጥባል። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለውን ይቆጥራል፤ ለመነሳት ወረፋ የሚጠብቅበትም አለበት። የሲንጋፖር ኒውዮርኩ በረራ ከ18 ሰዓት በላይ ሆኖ የሚጻፈው ለዚህም ጭምር ነው። መነሻና መድረሻው በየከተማው ሰዓት ስለሚጻፍም ዝም ብሎ መቀነስ ያሳስታል፤ በሁለቱ መካከል እንደ ወቅቱ የ12 ወይም የ13 ሰዓት ልዩነት አለ። እባክዎ ጸሐፊው፣ ሰንጠረዡን ያስተካክሉልን፤ በዚህ ተማምኖ ቀጣይ በረራ የሚይዝ ሰው አለ።