ጉርሻ ለጉፒ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አራስ አለችኝ። ጉፒ ናት። ቅዳሜ ጠዋት የዓሣ ገንዳውን መብራት ሳበራ 20 ምናምን ጫጩት ወልዳ አገኘኋት። እንደ ብዙዎቹ ዓሦች እንቁላል ጥላ የምትሄድ እንዳትመስላችሁ። ጉፒ የምትወልደው ወዲያው የሚዋኝ ልጅ ነው። 4 ሳምንት ገደማ ታረግዛለች፣ ትወልዳለች፣ ከዚያ ያገኘችውን ትበላለች።

አዎ፣ እናትየው ራሷ። የአባትየውማ አይወራ። ደባሎቹም አይተናነሱም። ኤንጅል የሚባል ዓሣ አለኝ፤ መልአክ ማለት ነው። ይሄ መልአክ ሁለት ሕፃን ሲውጥ በዓይኔ በብረቱ አየሁት።

በሻይ ማጥለያ እየለቀምኩ 14 አተረፍኩ። የፕላስቲክ ወንፊት ገንዳው አፍ ላይ በክር አስሬ ግማሹን ውሃ ውስጥ ነከርኩትና እዚያ ጨመርኳቸው። ውሃ ይገባል፣ መልአኩ አይገባም። የሚያመልጥ ካለ የገንዳው ውሃ ማጣሪያ እንዳይስበው ብዬ አፉን በሚስቴ ስቶኪንግ ሸፈንኩት። ሰኞ ጠዋት ስቶኪንጉን ስትፈልግ የሆነውን እንለፈው።

ችግሩ ልጄ ነው። ደረጃው ላይ ወጥቶ “ወለደች!” ብሎ ጮኸ።

ሰዓት ሳይሞላ ከታች ያሉት እማማ ገንፎ ይዘው መጡ። ቅቤው መሐል ላይ ኩሬ ሠርቷል። “እንኳን ማርያም ማረችሽ!” አሉ ሚስቴን፣ ሆዷን እያዩ። “እኔ አይደለሁም እማማ” አለችና ወደ ገንዳው ጠቆመች። እማማ ዓሣዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ገንፎውን አዩ። ገንፎው ግን ተበላ።

ከዚያ ብሎኩ በሙሉ አራስ ጥየቃ ወጣ። አንዱ ለፍልሰታ ይደርሱ እንደሆን ጠየቀኝ። ጉፒ ቢያድግ ቢያድግ ከአንድ ጣት አይበልጥም ስለው ሳቀ። ሌላዋ ጎረቤት ደግሞ የምግቡ ነገር አልተዋጠላትም። ለጫጩት የተቀቀለ እንቁላል አስኳል በስቴክኒ ጫፍ ነክቶ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መስጠት ይበቃል። ሆዳቸው ከዓይናቸው አይበልጥማ። “ይሄ ነው ምግብ? በረሃብ ልትጨርሳቸው ነው?” አለችና በጣቷ ቆንጥራ ጣለችላቸው። እኔ ቡና ላቀርብ ጓዳ ስገባ ባሏም ጣለ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ደግሞ ተጨመረ። “በሞቴ!” እየተባለ፣ ያውም በእነሱ ሞት።

ማታ ላይ ውሃው አጥሚት መሰለ። ያልተበላ አስኳል ሲበሰብስ አሞኒያ የሚባል መርዝ ያወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ ስንጥባቸውን ያቃጥላል። ሩብ ያህሉን ውሃ ቶሎ መቀየር ነበረብኝ። ከቧንቧ በቀጥታ አይሆንም፤ ክሎሪን አለው፣ አንድ ቀን ክፍት ዕቃ ውስጥ ማደር አለበት። እዚህ ላይ ኮንዶሚኒየም ባረከኝ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣለት ሰው ቤት ያደረ ውሃ ጠፍቶ አያውቅም። በረንዳዬ ላይ ስድስት ባልዲ ተደርድሯል።

ቀየርኩና ልተኛ ስል መብራት ሄደ። ማሞቂያው ጠፋ። የጉፒ ዘመዶች ትሪኒዳድና ደቡብ አሜሪካ ነው ያሉት፤ እነዚህም 24 ዲግሪና ከዚያ በላይ ለምደዋል። የቱሉ ዲምቱን የኅዳር ሌሊት ማን ያስረዳቸው? ገንዳውን በጋቢዬ ጠቅልዬ እኔ በፎጣ አደርኩ።

ጠዋት ስቆጥር 11 ናቸው።

አሁን አራት ሳምንት ሊሞላ ነው። ወንዱን ገና ያኔ ለይቼ ጎረቤት ሰጥቼው ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ ሴቷ የወንዱን ዘር ለወራት ታስቀምጣለች። ሆዷ እንደገና ተነፍቷል፣ ከጅራቷ ወደዚህ ያለው ጥቁር ነጥብም ሰፍቷል። ልጄን ደረጃ ላይ እንዳይጮህ በብስኩት ተስማምተናል። ትናንት ግን እማማ ወንፊት ሊዋሱ ብለው ገቡና ገንዳው ፊት ቆሙ። ትንሽ አጎንብሰው አዩዋት።

“የአሁኑስ መንታ ሳይሆን አይቀርም” አሉ።