እርማት፦ ቶሎ ቶሎ የሚነሳ ፓምፕ ሁሉ አልተበላሸም

«የጉድጓዱ ፓምፕ ቶሎ ቶሎ እየተነሳ ከጠፋ አልቆለታል፣ ቀይረው» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ጣጣው ያለው ፕሬዠር ታንኩ (ፓምፑ የገፋውን ውሃ በግፊት የሚያቆየው ታንክ) ላይ ነው። ታንኩ ውስጥ ጎማ አለ፤ በአንዱ በኩል አየር፣ በሌላው ውሃ። ተጨምቆ ግፊቱን የሚይዘው አየሩ ነው፤ እሱ ካለቀ ቧንቧ ገና ከመክፈትህ ግፊቱ ወርዶ ፓምፑ ይነሳል፣ ስትዘጋው ደግሞ ወዲያው ይጠፋል። ሞተሩን የሚያቃጥለውም ይሄው መነሳትና መጥፋት ነው፤ አዲስ ብትገዛም ያው ነው።

«አየሩን ለክቼዋለሁ፣ ደህና ነው» ላልከውም፦ ታንኩ ውሃ እንደያዘ ከለካህ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) የሚያሳይህ የውሃውን ግፊት ነው። መጀመሪያ የፓምፑን ኤሌክትሪክ አጥፋ፣ ቧንቧ ከፍተህ ታንኩን ባዶ አድርግ፣ ከዚያ እንደ መኪና ጎማ በቫልቩ በኩል ለካ። ፓምፑ በ30 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ተነስቶ በ50 የሚጠፋ ከሆነ አየሩ 28 አካባቢ መሆን አለበት። ከጎደለ በጎማ መንፊያ ሙላው። የአየር ቫልቩን ስትጫነው ውሃ ፊጭ ካለ ግን የታንኩ የውስጥ ጎማ ተቀዷል፣ መንፋት ዋጋ የለውም።

ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ፓምፑ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ታንኩን ተወው፤ ቼክ ቫልቩን (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደውን) ወይም የሚያፈስ መስመር ፈልግ።