ማይኩን ለምን ነጠቃችኋቸው?

ጎረቤቶቼ፣ በ2017 ክረምት ፒያሳ አካባቢ ባለው አዳራሽ የሆነውን ይቅር ማለት አቅቶኛል። የተወካዩን አይደለም፤ የእናንተን ነው።

እዚያ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያልነበራችሁም ስሙት። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተዘግቶ አባላቱ መራጫቸውን ለማነጋገር የሚወርዱበት ሰሞን ነው። መድረኩ ላይ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውሃ፣ የፕላስቲክ አበባ። ሰብሳቢው ተወካዩን ሲያስተዋውቁ ከወረዳ ምክር ቤት ተነስተው፣ በከተማው ምክር ቤት አልፈው፣ አራት ኪሎ መግባታቸውን ዘረዘሩ። አጨበጨባችሁ። ከዚያ ጥያቄ ተጀመረ፦ ውሃ በፈረቃ ነው፣ የቀበሌ ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል፣ የፍሳሽ መስመሩ ተደፍኗል። ተወካዩም «ለሚመለከተው አካል እናደርሳለን» እያሉ ማስታወሻ ያዙ።

ከኋላ ረድፍ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ማይክ ለምነው ተነሱ። «በጥር ወር የንብረት ታክስ አዋጁ ሲጸድቅ እርስዎ እጅዎን ያወጡት ለድጋፍ ነው፣ ለተቃውሞ ነው ወይስ ለድምፀ ተአቅቦ?» ብለው ጠየቁ። ተወካዩ ፈገግ ብለው «አዋጁ በአብላጫ ድምፅ ነው የጸደቀው» አሉ። «እሱንማ በዜና ሰምቻለሁ፤ የእርስዎን ነው የጠየቅሁት» አሉ መምህርቷ። ያኔ ነው አዳራሹ የሳቀው። አንዱ «እማማ፣ ፖለቲካውን ይተዉትና ስለ ውሃው ይጠይቁልን!» አለ። ሌላው ማይኩን ከእጃቸው ወስዶ ወደ ፊት አቀበለ። ተወካዩ መልስ መፈለግ እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ እናንተ ገላገላችኋቸው።

ከዚያ ሁሉ ጥያቄ መካከል እሳቸው ብቻ ሊመልሱት የሚችሉት ያ አንድ ጥያቄ ነበር! ውሃው የከተማ አስተዳደሩ ጉዳይ ነው። የቀበሌ ቤቱን የሚያስተዳድረው ወረዳውና ክፍለ ከተማው ነው። የፌዴራል ተወካይ ሥራ ሕግ ማውጣት፣ በጀት ማጽደቅ፣ አስፈጻሚውን መቆጣጠር ነው። አዋጁ ደግሞ በእሳቸው ቤት ነው የወጣው። በሌላ መንገድ እናጣራለን እንዳትሉ፦ አፈ ጉባኤው የሚደግፉ፣ የሚቃወሙ፣ ድምፀ ተአቅቦ ያላቸው ብለው ይጠይቃሉ፣ እጅ ይቆጠራል፣ ቁጥር ይነገራል። የማን እጅ የት እንደነበረ በዜና አይነበብም። ማወቅ የሚፈልግ መራጭ ባለቤቱን ፊት ለፊት መጠየቅ አለበት፤ መምህርቷም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

መልሱ ተወካዩን አያስከስሳቸውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 አባላቱ ተገዢነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ብቻ ነው ይላል። እዚያው ላይ አንድ አባል በምክር ቤቱ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት እንደማይከሰስ ተጽፏል። አንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝቡ እምነት ባጣበት ተወካይ ላይ ውክልናውን የማንሳት መብት ይሰጠዋል። ድምፁን ካላወቃችሁ እምነት ያጣችሁት በምን መዝናችሁት ነው?

የሚያሳዝነኝ ሌላው ነገር ይህ ነው። እኚህ ሰው አራት ኪሎ የደረሱት በአንድ ሌሊት አይደለም። ወረዳ ላይ ሪፖርት ሲቀርብ እጅ አወጡ፣ ጠያቂ አልነበረም። ከተማ ላይ ከ138ቱ አንዱ ሆነው በጀት ሲጸድቅ እጅ አወጡ፣ ጠያቂ አልነበረም። ፓርቲ ዕጩ ሲመርጥ አለቃን ያላስቸገረ ሰው ቢወደድ ምን ይገርማል? ሌላ የሚመዝነው ሰው የለማ። እኛ ምርጫ ጣቢያ ስንደርስ ምልክቱን እናያለን እንጂ ከጎኑ ያለውን ስም አናነብም። የእድራችን ገንዘብ ያዥ አንድ ድንኳን ቢጠፋበት ግን ሦስት እሁድ እናስጨንቀዋለን!

የወረዳውን ነገር ካነሳሁ አይቀር፦ የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው በ2005 ነው። በ2010 ሊደገም ሲገባው ተራዘመ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ሁለት ወረቀት ተሰጠን፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለከተማው ምክር ቤት። የወረዳ የሚባል ወረቀት አልነበረም። «ሦስተኛውስ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም። የፖለቲከኛ መነሻ የሆነው ደረጃ ከእጃችን ሲወጣ አላወቅንም።

ልባችሁ የቆሰለ መሆኑ ይገባኛል። በ1997 ከ138ቱ የከተማ መቀመጫ 137ቱን ለተቃዋሚው ቅንጅት የሰጠው ይኸው ከተማ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ ሁላችንም አይተናል። ከዚያ ወዲህ «ምን ዋጋ አለው» ማለት ለመድን። ቢሆንም ተስፋ የቆረጠ ሰው ቤቱ ይቀመጣል እንጂ አዳራሽ ድረስ መጥቶ በጠያቂ አይስቅም። ያን ቀን እዚያ የገባችሁት ተስፋ ስለቆረጣችሁ አልነበረም፤ ስለ ውሃው ነው፣ እሱም መጥፎ አይደለም። መምህርቷን ግን ዝም በሏቸው ያላችሁ ማንም አልነበረም። ከመድረኩ ትእዛዝ አልመጣም፤ ራሳችሁ አደረጋችሁት።

እንግዲህ ምክር ቤቱ ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው፤ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለ። ተወካዩ ባይመጡ በቦታቸው የተተካው ይመጣል። ከመሄዳችሁ በፊት በዓመቱ ከጸደቁት አዋጆች ቤታችሁን የነካውን አንዱን ምረጡ፤ ስሙንና የጸደቀበትን ወር ወረቀት ላይ ጻፉ። «መንግሥት ምን አስቧል?» አትበሉ፤ ማምለጫ ይሆናል። «እርስዎ ደገፉ ወይስ ተቃወሙ? ለምን?» በሉ። «በአብላጫ ድምፅ ነው የጸደቀው» ካሉ ጥያቄውን ድገሙት። የከተማው ምክር ቤት አባል ሲመጣም በከተማው በጀት ላይ እንዲሁ።

መምህርቷ ከቀሩ አልፈርድባቸውም። እንደሳቸው የሚጠይቁ ሁለት ሰዎች ከተገኙ ግን ለዚህ ዓመት ይበቃል፤ ሦስት አልጠብቅም። የቀራችሁት ቢያንስ ማይኩን አትቀሙ።