ሰሌዳ ወይስ ሽቦ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ አሜሪካ ያደገ ሐበሻ ወጣት ኮሌጅ ሲጨርስ ደቡብ ኮሪያ ሄዶ እንግሊዝኛ ቢያስተምር ይሻለዋል ወይስ እዚሁ ቨርጂኒያ የእጅ ሙያ ቢለምድ?

መምህሯ፦ ኮሪያ 3 ዓመት አስተምሬያለሁ። ቤት ሰጡኝ፣ ቲኬት ቆረጡልኝ፣ ደሞዜ በወር 2 ሚሊዮን ዎን ምናምን ነበር። በዶላር ሲመነዘር ብዙ አይደለም፤ ግን ኪራይ ስለሌለብኝ የኮሌጅ ብድሬን የከፈልኩት እዚያ ሆኜ ነው። የማልረሳው ግን ገንዘቡን አይደለም። አንድ የ7 ዓመት ልጅ ነበር። ኮሪያኛ ውስጥ «ፈ» የሚባል ድምፅ ስለሌለ «ኮፊ»ን (ቡናን በእንግሊዝኛ) «ኮፒ» ነው የሚለው። ከንፈሬን በጥርሴ ነከስ እያደረግሁ ሳሳየው ከረምኩ። አንድ ቀን ማታ እናቱ ልትወስደው በር ላይ ቆማ እያለች «ኮፊ!» ብሎ ጮኸ። ይህን የትኛው ሽቦ ይሰጣል? በእጅ ሥራ ኑሮ ይገፋል፣ አእምሮ ግን ይዝጋል።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ይዝጋል! እሺ እህቴ። ትናንት አሌክሳንድሪያ አንድ ሕንጻ ውስጥ ሽቦ የሚያልፍበትን ፓይፕ ሳጥፍ ዋልኩ። መንገዱ ላይ እንቅፋት አለ እንበል፣ ፓይፑ 6 ኢንች ከፍ ብሎ ማለፍ አለበት። በ30 ዲግሪ ካጠፍሽው 6ቱን በ2 አባዝተሽ፣ በሚታጠፍባቸው ሁለት ምልክቶች መሃል 12 ኢንች ትለኪያለሽ። በ45 ከሆነ 6ቱን በ1.4 ታባዢያለሽ። ከተሳሳትሽ ፓይፑ ቆሻሻ ነው፣ አለቃሽም ቆሞ ያይሻል። ይህን 5 ዓመት የተማርኩት እየተከፈለኝ ነው፣ የኮሌጅ ብድር የሚባል ነገር አላውቅም። 12ኛ ክፍል ያለችው ልጄ የሂሳብ የቤት ሥራዋን የምታሳየው ለዚህ ለዛገው ሰውዬ ነው።

መምህሯ፦ ጋሼ፣ ማባዛት መቻልዎን ማን ካደ? ቃሉን አጠንክሬው ይሆናል። ሙያ አልናቅሁም፣ አባቴ 20 ዓመት ታክሲ ነድቶ ነው ያሳደገን። እኔ የምለው፣ 22 ዓመት ላይ ሰው ዓለምን ይይ ነው። ኮሪያም ሁሉ ነገር ማር ነበር አላልኩም። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት 11ኛው ወር ላይ አሰናብቶኝ፣ ዓመት ለሞላ ሰው የሚከፈለውን የአንድ ወር ደሞዝ አስቀረብኝ። ቢሆንም ሌላ አገኘሁ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ጋሼ አትበይኝ፣ 46 ነኝ። አባትሽ 20 ዓመት መሪ ሲጨብጥ አእምሮው ዛገ? መልሺልኝ እንጂ። ደግሞ ያ ቤት የቀጣሪሽ ነበር አይደል? ስለዚህ 11ኛው ወር ላይ ሥራም ቤትም በአንድ ቀን አጣሽ ማለት ነው። ይህንን ነው ለልጆቻችን የምትመክሪው? አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ለዚያ ሥራ ቪዛ የሚሰጡት በአብዛኛው ለ7 አገር ዜጎች ነው፤ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ እያልሽ ቁጠሪ። አዲስ አበባ ላይ 30 ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው በኢትዮጵያ ፓስፖርቱ ቢያመለክት አይወስዱትም። የትናንት ተመራቂ ግን ይወስዳሉ። የተቀጠረው ፓስፖርትሽ ነው፣ እህቴ። የእኔን ላይሰንስ የሰጠኝ ፈተናው ነው።

መምህሯ፦ አባቴን ይተዉልኝ። እሱን ያነሳሁት በክብር ነበር፣ እርስዎ ዱላ አደረጉት። ለማንኛውም ይህን ሁሉ ካሉ ዘንዳ፣ ሴት ልጅዎ 12ኛ ክፍል ናት አላሉም? ሂሳብም ትችላለች። ታዲያ በሚቀጥለው ዓመት ፓይፕ ልታጥፍ ነው? ወይስ ሙያ ክቡር የሚሆነው ለሌላ ሰው ልጅ ነው? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የሥራ ባልደረቦችዎ 60 ሲሞላቸው መሰላል ላይ ናቸው ወይስ ሐኪም ቤት? መልሱልኝ እንጂ፣ እርስዎ እንዳሉት።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ልጄን እዚህ ምን አመጣት? ጥያቄው ስለ ኮሪያ ነበር። ፈልጋ ከሆነ ትግባ፣ እኔ አልከለክላትም። እናቷ ነርስ ትሁን ትላለች፣ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባሁም። ጉልበቴ ደህና ነው፣ ብርድ ሲሆን ብቻ ነው። አሁን ልተኛ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ነው የምነሳው። «ይዝጋል» ያልሽውን ግን ነገ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳልነግራቸው አልቀርም።