ከአሰሳ የተረፈችው ጉርድ ፎቶ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ሁለት ሳምንት በሆዴ ይዤው ከረምኩ፤ አልቻልኩም።

ጎረቤታችን የነበሩ እናት አረፉ። ሰፈሩ በሙሉ «እማማ» ነበር የሚላቸው። አርባቸው በወጣ ማግስት ልጆቻቸው ቤቱን ሊያከራዩት ማጽዳት ጀመሩ። ቆራሌው ተጠራ። የተበሳ ጀሪካን ወጣ፣ ባዶ ጠርሙስ ወጣ፣ የዛገ ቆርቆሮ ወጣ። ከመሃል ሦስት አልበም ወጣ። ቆራሌው ክፉ ሰው አይደለም። «ፎቶው አይፈለግም እንዴ?» ብሎ ጠይቋል። «ውሰደው ባክህ፣ ቤቱን አቧራ በአቧራ አደረገው» አሉት። እሱም ፍሬሙንና መስታወቱን ጆንያው ውስጥ ከተተ። የሰው ፎቶ ደግሞ ማን ይገዛዋል? በር ላይ ካለው ቦይ ዘርግፎት ሄደ። ጊዜው ክረምት ነው።

ከሥራ ስመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። መጀመሪያ ያየሁት አንዲት ሙሽራ ነው። ጭቃው ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች። ጫማዬን ሳላወልቅ ገባሁበት። ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ናቸው። ካንዱ ጀርባ «ለማስታወሻ ይሁንሽ፣ ጥቅምት 1961 ዓ.ም.» የሚል ጽሑፍ አለ። ከማን? ለማን? ስሙን ውሃ በልቶታል።

ከሥር አንዲት ጉርድ ፎቶ ነበረች። ሦስት በአራት። አፍሮ ያበጠረ፣ አንገትጌው ሰፊ ሸሚዝ የለበሰ ልጅ። አይቼው አላውቅም፤ ግን አወቅኩት። የእማማ የበኩር ልጅ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት እንደወጣ የቀረው።

ታሪኳን እማማ ለእናቴ ሲያጫውቷት ሰምቻለሁ። በ1969 ቤት ለቤት አሰሳ ሲመጣ፣ ልጁ አስቀድሞ ጠፍቶ ነበርና፣ ፎቶዎቹን ሁሉ እሳት ውስጥ ከተቱ። ለአንዷ ግን እጃቸው እምቢ አለ። ትራሳቸውን ተረተሩና ከጥጡ መሃል ሰፏት። ታጣቂዎቹ ፍራሹን ገለበጡ፣ ጤፉን ደፉ፤ ትራሱን አልነኩትም። እማማ አሥራ አራት ዓመት ተንተርሰዋት ተኙ። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ነው ተርትረው አውጥተው አልበም ያስገቧት።

ያን ሁሉ ታጣቂ ያመለጠች ፎቶ ከገዛ እህትና ወንድሙ አላመለጠችም። ይህን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ።

መስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ግድግዳ ሙሉ ፊት ነው። ከእነዚያ ፊቶች ስንቱ ከእናት ሣጥን ወጥቶ ይሆን? እናቶቹ እንደኛ «አቧራ ነው» ቢሉ ኖሮስ?

ከእማማ ልጆች ታናሽየዋን ጠየቅኳት። «ውይ! አልበሙን በስልኬ አንስቼው ነበር መሰለኝ» አለች። መሰለኝ! ስልኳን አገላበጠች። ኬክ፣ ማኪያቶ፣ የራሷ ፊት፣ እንደገና ኬክ። ጉርዷን እጇ ላይ ሳስቀምጥላት ትክ ብላ አየቻት። «ይሄ ማነው?» አለችኝ።

ቁጣዬ እዚያ ላይ በረደ። ልጅቷ እሱ ከጠፋ በኋላ ነው የተወለደችው። እማማ ስሙ ሲነሳ እንባ ስለሚቀድማቸው በልጆቻቸው ፊት አያነሱትም። መጻፍም አይችሉም ነበር። መጻፍ የምንችለው እኛ ነን ያልጻፍነው።

እናንተስ? በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ፍሪጁና ሶፋው ነው ተሯሩጦ የተጫነው። አልበሙ የት ደረሰ? እኛ እኮ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ስማችን አያት ላይ ያልቃል። ከጀርባው ያልተጻፈበት ፎቶ በአንድ ትውልድ የባዕድ ፎቶ ይሆናል። ሰባት ቤት እንቆጥራለን እያልን የሦስተኛውን ቤት መልክ አናውቅም።

ደግሞ እኔ ማን ነኝና እቆጣለሁ? አባቴ ሲሞት ለቅሶው ላይ የሚቀመጥ ፎቶ ተፈለገ። ከሠርጉ ፎቶ ላይ ፊቱን በመቀስ ቆርጬ ፎቶ ቤት ሮጥኩ። «አሳድግልኝ» አልኩት። ትልቁን ተቀበልኩ፣ ትንሿን ቁራጭ ረሳኋት። ከዓመት በኋላ ትዝ ብሎኝ ስሄድ ፎቶ ቤቱ ባንክ ሆኗል። እናቴ እስከ ዛሬ በሠርጓ ፎቶ ላይ ክንዷን ቀዳዳ ውስጥ ሰዳ ትስቃለች። አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። እንግዳ አልበም ሲያይ ግን ያችን ገጽ ቶሎ ትገልጣታለች። አያለሁ። ዝም እላለሁ።

እባካችሁ፣ ዛሬ ማታ ቴሌቪዥኑን አጥፉና እናታችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ። «ይሄ ማነው?» በሏት። በእርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ ከጀርባው ጻፉ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ይሰርጋል። አልበሙ ላይ የተጣበቀውን በጉልበት አትላጡት። መስኮት አጠገብ ሆናችሁ፣ ፍላሽ ሳታበሩ በስልክ አንሱት። ያነሳችሁትን ደግሞ ለአንድ ስልክ ብቻ አደራ አትስጡ። ይኸው ነው፤ ድግስ አይደለም።

ታደርጉታላችሁ? እንጃ። እኔም «ነገ» ስል ነው የኖርኩት።

ከቦዩ ያወጣኋቸውን በንጹሕ ውሃ አለቅልቄ ሳሎኔ ውስጥ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጌ አሰጣኋቸው። ሠላሳ አንድ ናቸው። ተጣጥፈው፣ ተጨማደው ደረቁ። እሑድ ታናሽየዋ የእማማን የቡና ጓደኛ ደግፋ ይዛልኝ መጣች። አሮጊቷ ፎቶውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ያያሉ፣ ስም ይጠራሉ፣ ልጅቷ በእርሳስ ትጽፋለች። ዘጠኝ ላይ ደርሰናል። አሥረኛዋ ሙሽራዋ ነበረች። አሮጊቷ ብዙ ቆዩባት። «ቆይ… ትመጣልኛለች» አሉና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጧት። ቡናው ሦስተኛ ደርሶ፣ ቤታቸው እስኪሸኙ ድረስ አልመጣችላቸውም።