ተራራዬ ላይ የተቀመጠው ሲኒ

ባለፈው እሑድ ጎረቤታችን እትዬ ለቡና መጡ። ቶናውን ጠጥተው እንዳበቁ ባዶውን ሲኒ ይዘው ወዲያ ወዲህ ቃኙና፣ ረከቦቱ ክንዳቸው ሥር ቁጭ ብሎ ሳለ፣ ተራራዬ አናት ላይ አሳረፉት።

"እትዬ፣ ተራራው!" አልኩ።

"የቱ ተራራ?" አሉ፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ።

አልፈርድባቸውም። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ተራራ ሲባል ቀና ብሎ እንጂ ጎንበስ ብሎ አያይም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ሁለት ጓደኞቼ የሸዋና የወሎ ጦር የገጠሙበትን የሰገሌን ጦርነት በትንንሽ የወታደር ምስሎች ልንጫወተው ተነስተናል። ምስሎቹ 28 ሚሊ ሜትር ቁመት አላቸው፤ ቁጥራቸው 400 ሊሞላ ነው። ሠራዊት ደግሞ ሜዳ ይፈልጋል። 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 12 የኮምፔንሳቶ ቁራጮች፣ በላያቸው በኮላ የተደራረበ ፎም፣ ፎሙ በጋለ ቢላ ተፈልጦ ገደልና ሸንተረር ይወጣዋል፤ ከዚያ ጀሶ፣ ከዚያ ሰጋቱራ፣ ከዚያ ቀለም። ሲገጣጠሙ 1.80 በ2.40 ሜትር የሸዋ መሬት ናቸው፤ ሲነጣጠሉ አልጋ ሥር ይገባሉ። ሐሳቡ እንደዚያ ነበር። አሁን ሳሎኑን ወርሰውታል።

ሰውየው 28 ሚሊ ከሆነ አንድ ኪሎ ሜትር በሱ ልክ ከ16 ሜትር ይበልጣል። ሳሎናችን ዳር እስከ ዳር 4 ሜትር ናት። ስለዚህ ሰዉ በአንድ ልክ፣ መሬቱ በሌላ ልክ ይሠራል። ይህን ለእትዬ አስረዳሁ።

"ታዲያ ውሸት ነዋ!" አሉ።

ቤታችን ውስጥ ባዶ ቦታ አይከበርም። ፍሪጅ አናት ላይ ዳቦ፣ ቴሌቪዥን ሥር የመድኃኒት ከረጢት። የኔ ሜዳ እስካሁን ቁልፍ፣ ግማሽ ሽንኩርትና የሕፃን ጡጦ አስተናግዷል። በ1812 እ.ኤ.አ. ባሮን ፎን ራይስቪትስ የሚባል ፕሩሲያዊ እየተነሳ የሚገጣጠም የጦር ሜዳ ያለበት ጠረጴዛ ሠርቶ ለንጉሡ ለፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሳልሳዊ አቅርቦ ነበር። እዚያ ላይ ሲኒ ያስቀመጠ ሰው እንደማይኖር እገምታለሁ። ንጉሥ እልፍኝ አስከልካይ አለው፤ እኔ የለኝም።

ከሲኒው በፊት ግን አናጺው አለ። እሱን ሳላነሳ ባልፍ ያመኛል። 12 ቁራጭ በ60 ሴንቲ ብዬ፣ በወረቀት ጽፌ፣ ሥዕሉን ሥዬ ሰጠሁት። አምስቱን 58 አድርጎ ቆረጣቸው። ስጠይቀው እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ "ወንድሜ፣ ሁለት ሴንቲ ምን ታደርጋለች?" አለኝ። ሁለት ሴንቲ ምን እንደምታደርግ ልንገራችሁ። ከአንዱ ሰሌዳ የተነሳው መንገድ ሌላው ላይ ሲደርስ ገደል ይገባል። ወንዙ ሽቅብ ይፈሳል። የሚገርመው ይኸው ሰውዬ አጎቱ ጋር በድንበር ተካሶ ስድስት ዓመት ፍርድ ቤት የተመላለሰ ነው። ክርክሩ በአንዲት የድንጋይ ካብ ነው፤ ካቡ ተገፍቷል ነው። ስንት ተገፋ? አንድ ክንድ! ሰው በሚስቱና በርስቱ አይቀልድም ይባላል፤ በሰው ኮምፔንሳቶ ግን ይቀልዳል። ክርክሩን ለምስክሮቹ ሲያስረዳ በሴንቲ ሜትር ነው የሚቆጥረው፤ ራሴ ሰምቼዋለሁ። ገንዘቤን እስካሁን አልመለሰም።

የሰሌዳዎቹ መጉበጥ ግን በሱ አይመካኝም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጥር ላይ ኮላ አይደርቅም፣ ይተኛል። እኔ ቸኮልኩና ማንደጃ አጠገብ ደረደርኳቸው። ኮላ የተቀባው ፊታቸው ቶሎ ደርቆ ሲሰበሰብ ኮምፔንሳቶው እንደ ምጣድ ቂጣ ተቆለመመ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ይህን ተረት እወደዋለሁ፤ ለሠርግ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለወንድሜ ልጅ የንግድ ሥራ፣ ለሁሉም ተናግሬዋለሁ። በራሴ ላይ ሲሠራ ግን ጣዕሙ ትንሽ ይቀንሳል። ጓደኛዬ ደግሞ ተራራ ሊቀባ በጣሳ የሚነፋ ቀለም ይዞ መጣ። ያ ቀለም ፎም ይበላል። ዓይናችን እያየ ግማሽ ተራራ ሟሟ።

ከሁሉ የከፋው የአያት ነገር ነው። ልጅ እያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረደ፤ አባቱ ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትተው መጡ፤ ቶራ መስክ ላይ የሸዋው ራስ ልዑል ሰገድ ወደቁ፤ እያሱ በወረደ በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ ሰገሌ ላይ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የሸዋ ጦር ድል አድርጎ ንጉሡን ማረካቸው። ይህን ታሪክ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ ያልጠበቅኩት ቤቴ የሚገባው እንግዳ በሙሉ አያቱ እዚያ መኖሩን ነው። አንዱ "አያቴ እዚች ጉብታ ላይ ነበሩ" ብሎ ጣቱን ያልደረቀ ጀሶ ውስጥ ነከረ። ሌላው እዚያችው ጉብታ ላይ የሱን አያት አቆመ። ጉብታዋ መዳፍ አታክልም፤ እስካሁን 11 አያት ተሸክማለች። ሁሉም አሸናፊ፣ ሁሉም ግንባር ቀደም! ስንቅ የጫነ፣ በቅሎ የጎተተ፣ ወጥ ያማሰለ አያት ያለው ሰው እስካሁን በራችንን አላንኳኳም። ዱቄቱን ማን አቦካው ታዲያ? በወሎ በኩልም አንድም ሰው አልቀረበም፤ 200 ምስሎች ዘመድ አልባ ሆነው ካርቶን ውስጥ ተኝተዋል።

ደግሞ "ባሕር ዛፍ የሌለበት ምን ሸዋ ነው?" የሚሉኝ አሉ። ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን ነው፤ ሰዉ ግን ከኖኅ መርከብ የወረደ ነው የሚመስለው።

ምን እያልኩ ነበር? ሲኒው። እትዬ ሲያነሱት ተራራዬ አናት ላይ ቡናማ ክብ ታትሞ ቀርቷል። አይተውት ደስ አላቸው።

"እሰይ፣ አውድማ ሆነልህ!"

እውነትም አውድማ ይመስላል፤ ልኩም ጥሩ ነው። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ክብ አውድማ አልሠራም ነበር። ነገር ግን ጦርነቱ ጥቅምት ላይ ነው፤ በጥቅምት የኛ አገር እህል ገና ማሳ ላይ ቆሟል፣ ማን ይወቃል? ይህን አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞር ብለው፣ "ልጁ ግን ደህና ነው?" አሉ።

ክቡን በቢላ መፋቅ ጀመርኩ። በረካው ሲቀዳላቸው ቢላውን ጣልኩና፣ ጠጥተው እስኪጨርሱ እንደ አሳላፊ እጄን ዘርግቼ አጠገባቸው ቆምኩ።